ክሪሚናል ጀስቲስ በኦንላይን፦ ኮሌጁ የሚጠይቀውና ቀጣሪው የሚጠይቀው

(በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ከሥራና ከልጆች ሰዓት ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔም ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ርዕሳችን በአሜሪካ ኮሌጆች ክሪሚናል ጀስቲስን፣ ማለትም የፖሊስን፣ የፍርድ ቤትንና የማረሚያ ቤትን ሥራ የሚያጠናውን ትምህርት፣ በኦንላይን ለመማር ምን ያስፈልጋል የሚል ነው። መልሱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለመግባት ብዙ ነገር አያስፈልግም። የሃይስኩል ወረቀት፣ ትራንስክሪፕት (የትምህርት ውጤት መዝገብ)፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ፣ ማመልከቻ። አብዛኛው ኮሌጅ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኮሌጁ ሲያስገባችሁ ዜጋ መሆን አለመሆናችሁ ብዙም አያስጨንቀውም። ዕድሜያችሁም ግድ አይሰጠውም። የቆየ የፍርድ ቤት ጉዳይ ቢኖራችሁ ላያነሳው ሁሉ ይችላል። ከ4 ዓመት በኋላ የሥራ ማመልከቻ ስታስገቡ ግን እነዚህ ሦስቱም ጠረጴዛ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ስለ መግቢያው እያወራሁ ስለ መውጫውም አወራለሁ። ዓመተ ምህረት ስጠራ ደግሞ ሌላ ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መግቢያው ለምን ቀለለ? ትምህርቱ ገና ከጥንስሱ ሥራ ላይ ላለ ሰው የታሰበ ስለሆነ ይመስለኛል። በካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከተማ ኦገስት ቮልመር የሚባል የፖሊስ አዛዥ ነበር። በ1908 ለፖሊሶቹ ትምህርት ቤት ከፈተላቸው። ሚሺጋን ስቴት በ1935 የፖሊስ አስተዳደር ትምህርት ጀመረ። ኒውዮርክ ያለው ጆን ጄይ ኮሌጅ በ1964 ሲመሠረት ስሙ ራሱ የፖሊስ ሳይንስ ኮሌጅ ነበር። በፕሬዚዳንት ጆንሰን የተቋቋመ ኮሚሽን በ1967 ፖሊሶች ውሎ አድሮ ሁሉም ዲግሪ ሊኖራቸው ይገባል አለ። ከዚያ የፌዴራል መንግሥት ፖሊሶች ኮሌጅ እንዲማሩ ገንዘብ ማፍሰስ ጀመረ። ኮሌጆቹም ቀን የሚሠራውን ሰው ማታ፣ ማታ የሚሠራውን ቀን እያስተማሩ ለመዱ። የዛሬው ኦንላይን የዚያ ልማድ ቀጣይ ነው። ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው። ፈረቃ እየቀያየረ የሚሠራ ሰው እዚህ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ከማንኛውም ወረቀት በፊት አንድ ነገር አጣሩ፤ አክሬዲቴሽን፣ ማለትም ኮሌጁ እውቅና ያለው መሆኑን። ኮሌጁ እናንተን ከመመዘኑ በፊት እናንተ ኮሌጁን መዝኑት። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር እውቅና ያላቸውን ኮሌጆች የምትፈልጉበት መረጃ ቋት ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል። የኮሌጁን ስም አስገቡ። ፊደሉ አንድ በአንድ መመሳሰሉን እዩ፤ አጭበርባሪዎች የታወቀ ኮሌጅ ስም ላይ አንዲት ቃል ጨምረው ነው የሚመጡት። እውቅናውን የሰጠው አካል ማን እንደሆነ እዩ። ሃየር ለርኒንግ ኮሚሽን ወይም ሚድል ስቴትስ የሚል ካገኛችሁ የታወቁ ናቸው። እስከ 2020 ድረስ እውቅና ሰጪዎቹን «ክልላዊ» እና «ብሔራዊ» የሚል ክፍፍል ነበር። ሚኒስቴሩ በዚያ ዓመት ልዩነቱን ከደንቡ አውጥቶታል። ኮሌጆች ግን ልማዳቸውን እንዲህ በቀላሉ አይተዉም። ዛሬም ድሮ ክልላዊ ከሚባሉት ያልመጣ ክሬዲት (ላለፋችሁት ኮርስ የሚቆጠር ነጥብ) አንቀበልም የሚሉ ብዙ ናቸው። ወደፊት ማስተርስ የምታስቡ ከሆነ ይህን ልብ በሉ።

የዌብሳይቱ አድራሻ ዶት ኢዱ ስለሆነ ብቻ አትመኑ። ከ2001 በፊት አድራሻውን የያዙ፣ ዛሬም እውቅና ሳይኖራቸው የሚጠቀሙበት አሉ። «የሕይወት ልምድህን ቆጥረን በ1 ወር ዲግሪ እንሰጥሃለን» የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ስልኩን ዝጉት። በዚህ ሙያ የሐሰት ዲግሪ ይዞ ሥራ መጠየቅ ማለት የማጣራት ሥራ እንጀራው ለሆነ ሰው ራስን አሳልፎ መስጠት ነው።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ ሰው በብዛት የሚጉላላው እዚህ ስለሆነ።

የሃይስኩል ማጠናቀቂያ የግድ ነው። እዚህ አገር የጨረሰ ሰው ዲፕሎማውን ይዞ ይሄዳል። ያልጨረሰ ጂኢዲ የሚባለውን ዲፕሎማውን የሚተካ ፈተና ይፈተናል። አራት ትምህርት ነው፤ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ። በእያንዳንዱ ማለፊያው 145 ነው። ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም፤ በእንግሊዝኛ ወይም በስፓኒሽ ነው። ኢትዮጵያ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ግን ጂኢዲ ልፈተን ብሎ ከመድከሙ በፊት ወረቀቱን ያስገምግም። ዲቪ ደርሷችሁ የመጣችሁ በተለይ። ብዙዎቻችሁ ያቺን የ12ኛ ክፍል ወረቀት ኤምባሲ አሳይታችሁ ነው የገባችሁት። እዚህ ስትደርሱ ለምን ትረሷታላችሁ?

ማስገምገም የምለው፣ የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃ በአሜሪካ ሚዛን ምን ያህል እንደሆነ የሚያረጋግጡ ድርጅቶች አሉ። ዌስ አንዱ ነው። ኮሌጆች አብዛኛውን ጊዜ ናሴስ የሚባለው ማኅበር አባል የሆነ ድርጅት ይሁን ይላሉ። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠቅላላ ነው፤ «ይህ ሰው ሃይስኩል ጨርሷል» ይላል። ሁለተኛው ኮርስ በኮርስ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል። ሃይስኩል ብቻ የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ይበቃዋል። ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ ወይም የጨረሰ ሰው ኮርስ በኮርሱን ያሠራ፤ ክሬዲት የሚቆጠርለት በዚያ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ የትኛውን ድርጅትና የትኛውን ዓይነት እንደሚፈልግ በኢሜይል ጠይቁ። መልሱን አስቀምጡት።

ትራንስክሪፕት ሲባል ደግሞ ቤታችሁ ያለው ኮፒ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚልከው ነው፤ ወይ በታሸገ ፖስታ፣ ወይ በኤሌክትሮኒክ መንገድ። ፖስታውን «ውስጡ ምን አለ» ብላችሁ ከከፈታችሁት ዋጋ የለውም።

ከዚያ የስም ጣጣ አለ። እንበል ትራንስክሪፕቷ ላይ «ሰላም ታደሰ» ይላል። ፓስፖርቷ ላይ «ሰላም ታደሰ ወልደማርያም»። እዚህ ስትመጣ አያቷ የቤተሰብ ስም ሆነው ቁጭ አሉ። ኮሌጁ ሰላም ወልደማርያም ብሎ ፋይል ከፈተላት። ከአገር ቤት የመጣው ሰነድ ግን ሰላም ታደሰ ስለሚል ማንም ሊያገናኘው አልቻለም። ሰነዱ ደርሷል፤ እሷ ግን «አልደረሰም» የሚል ኢሜይል በየሳምንቱ ይመጣላታል። በላዩ ላይ ወልደማርያም በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ጋ በአንድ መንገድ፣ ሌላው ጋ በሌላ መንገድ ይጻፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማመልከቻው ላይ «ሌላ የተጠራችሁበት ስም» የሚል ሳጥን አለ። ባዶ አትተዉት። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን ስም ልክ እንዳለ እዚያ ጻፉት። ዜግነት ስትወስዱ ስም ከቀየራችሁ የስም ለውጡን ማስረጃ አያይዙ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቦታ አንድ አጻጻፍ ብቻ ተጠቀሙ።

የዘመን አቆጣጠሩም ያው ነው። በ1998 የተወለደ ልጅ 12ኛ ክፍልን በእኛ አቆጣጠር በ2008 ጨረሰ እንበል። በፈረንጅ 2016 መሆኑ ነው፤ ልጁ 18 ዓመቱ ነው። ትራንስክሪፕቱ ግን 2008 ብቻ ብሎ ከተላከ፣ እዚህ ያለችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የምታየው በ10 ዓመቱ ሃይስኩል የጨረሰ ሊቅ ነው። ገምጋሚ ድርጅቶቹ ይህን ያውቁታል። የኮሌጁ መዝገብ ቤት ግን ላያውቅ ይችላል። ትምህርት ቤታችሁ የሁለቱንም አቆጣጠር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ካልሆነ አንዲት አጭር ማብራሪያ አያይዙ።

እንግሊዝኛን በአጭሩ ልለፈው። የአሜሪካ ሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም በቂ የኮሌጅ ክሬዲት ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈተና አይጠየቅም። ሌላው ቶፍል፣ አይልትስ ወይም ዱዎሊንጎ ይፈተናል። የትኛውን እንደሚቀበልና ስንት እንደሚፈልግ ኮሌጁ ነው የሚወስነው። ሃይስኩል በእንግሊዝኛ ስለተማርኩ ፈተናው ይነሳልኝ ብሎ መጠየቅም አይጎዳም። አንዳንዱ ይቀበላል።

ኤስኤቲና ኤሲቲ የሚባሉት የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎችስ? ከኮሮና ወዲህ ብዙ ኮሌጅ በፍላጎት አድርጎታል። ኦንላይን ፕሮግራሞች ደግሞ ከዚያ በፊትም ለትልልቅ ሰዎች ብዙም አይጠይቁም ነበር። ውጤትን በተመለከተ ከ4.0 ውስጥ 2.0 ወይም 2.5 የሚል የተለመደ ነው። ውጤታችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የአካባቢያችሁ የ2 ዓመት ኮሌጅ፣ ሂዱ። በሩ ክፍት ነው። የምደባ ፈተና ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ የማስገቢያ ሳይሆን የት ክፍል እንደምትጀምሩ ማወቂያ ነው። እዚያ ጥቂት ክሬዲት በጥሩ ውጤት ከያዛችሁ ቀጣዩ ኮሌጅ የሃይስኩሉን ውጤት ብዙ ጊዜ ዞሮ አያየውም። በበኩሌ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። የባችለር ዲግሪ ወደ 120 ክሬዲት ነው። ግማሹን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ብትጨርሱት ኪሳችሁም አይጎዳም። ብቻ 60ውን ክሬዲት የሚቀበለው ባለ 4 ዓመት ኮሌጅ ከወዲሁ የተዋዋለ መሆኑን በወረቀት እዩ። «ይቀበሉሃል፣ ችግር የለም» የሚል የቃል ተስፋ አይበቃም።

በወታደር ቤት ያገለገላችሁ ካላችሁ ሥልጠናችሁ በክሬዲት ሊቆጠር ይችላል፤ ወታደራዊ ትራንስክሪፕት አስልኩ። የፖሊስ አካዳሚ የጨረሰ ሰውም አንዳንድ ኮሌጅ ክሬዲት ይሰጠዋል። ይህን ሳይጠይቁ መመዝገብ ገንዘብ መጣል ነው።

ማስተርስ የምትፈልጉ፣ ባችለር ያስፈልጋል፤ በየትኛውም ትምህርት ቢሆን አብዛኛው ይቀበላል። ውጤቱ ወደ 3.0 ይጠጋል። ጂአርኢ የሚባለው የማስተርስ መግቢያ ፈተና ብዙ ቦታ ቀርቷል። ሁለት ወይም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ደብዳቤው ከአለቃ ወይም ከመምህር ይሁን። ከአጎት ልጅ አይሆንም።

አሁን ደግሞ ስለ ግል መግለጫው። ብዙ ኮሌጅ «ለምን ይህን ትምህርት መረጥክ?» ብሎ 1 ገጽ ያጽፋል። ቁጭ ብላችሁ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለፍትህ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። ያን ዓረፍተ ነገር የሚያነበው ሰው በዚያው ጠዋት ስንት ጊዜ እንዳነበበው ፈጣሪ ይወቀው። የምትሠሩትን ጻፉ። እዚህ ውስጥ ሴኩሪቲ የሚሠራ ይኖራል። ሌሊት አንድ ሕንፃ ይጠብቃል። አንድ ሰው ሎቢው ውስጥ ቢጣላ ምን ያደርጋል? ይለያያል፣ ይደውላል፣ ከዚያ ሪፖርት ይጽፋል። በስንት ሰዓት፣ ማን መጀመሪያ ገባ፣ ማን ምን አለ፣ ካሜራው የትኛውን ክፍል ያዘ። ፖሊስ ሲመጣ የሚወስደው ያቺን ወረቀት ነው። ከዚህ የተሻለ መግለጫ ከየት ይመጣል? «ሪፖርቴ ላይ ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ መጻፍ የተማርኩት በሥራ ነው፤ አሁን ይህ ማስረጃ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ትምህርቱ ስለ ምን እንደሆነ ገብቶታል። በፍርድ ቤት የምታስተረጉሙ፣ መጠለያ ውስጥ የምትሠሩ፣ እናንተም እንዲሁ። በእርግጥ የደንበኛንም ሆነ የባለጉዳይን ስም አትጥሩ።

ስለ መኖሪያ ስቴት አንድ ነገር። ማመልከቻው የት እንደምትኖሩ ይጠይቃል፤ ለፖስታ ብቻ አይምሰላችሁ። ኦንላይን ኮሌጆች ከስቴታቸው ውጪ ያለ ተማሪ ለማስተማር ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ኤንሲ ሳራ የሚባል ስምምነት ይህን ያቃልላል። ሁሉም ስቴት ማለት ይቻላል አባል ነው፤ ካሊፎርኒያ ግን የለችበትም። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ፣ ወይም መሃል ላይ ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ፣ ኮሌጁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የገንዘብ ድጋፍም ከማመልከቻው ጋር አብሮ ይሂድ። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ሙሉ። ዜጋ ብቻ አይደለም የሚሞላው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የመጣ፣ ጥገኝነቱ የተፈቀደለት ሰው ማመልከት ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ግን የፌዴራሉን ድጋፍ አያገኝም። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል ድጋፍ የሚመለስ ብድር አይደለም፤ ለ2024–25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። የሚሰጠው እውቅና ባለው ኮሌጅ ለሚማር ብቻ ነው። አክሬዲቴሽኑን ቀድማችሁ አጣሩ ያልኩት አንዱ ለዚህም ነው።

እስካሁን ያወራሁት ኮሌጁ ስለሚጠይቀው ነው። አሁን ቀጣሪው።

ክሪሚናል ጀስቲስ ጠበቃ አያደርግም። ይህን የማነሳው በየጊዜው ስለምጠየቅ ነው። ጠበቃ ለመሆን ከባችለር በኋላ የሕግ ትምህርት ቤት አለ፤ መንገዱ ሌላ ነው። ፖሊስም ቢሆን በዲግሪው ብቻ አይኮንም። አካዳሚ ገብቶ መሠልጠን፣ የስቴቱን ፈቃድ ማግኘት አለ። አብዛኛው የፖሊስ መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው የትምህርት ደረጃ እንዲያውም ሃይስኩል ነው። ሚኒሶታ ለየት ትላለች። እዚያ የተለመደው መንገድ ቢያንስ የ2 ዓመት ኮሌጅ ይጠይቃል፤ ያውም የፖሊስ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ፖስት ቦርድ ያጸደቀውን የፖሊስ ትምህርት ጨምሮ። ሚኒሶታ የሚኖር ወገን ከሌላ ስቴት በኦንላይን የክሪሚናል ጀስቲስ ዲግሪ ቢይዝ፣ ዲግሪው ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ለፖሊስነት አያበቃውም። ይህን ማወቅ ያለበት ከመመዝገቡ በፊት ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ዜግነት። የፌዴራል ምርመራ ሥራዎች ዜግነት ይጠይቃሉ። ፖሊስ እንደየስቴቱ ነው። አንዳንዱ ዜጋ ብቻ፣ አንዳንዱ ግሪን ካርድ ይበቃል ይላል። ካሊፎርኒያ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የመሥራት ፈቃድ ያለው ሰው እንዲያመለክት ከፍታለች። ግሪን ካርድ ይዛችሁ 4 ዓመት የምትማሩ ከሆነ ብዙዎቻችሁ ስትጨርሱ ለዜግነት ትደርሳላችሁ። ጊዜውን አብራችሁ አስሉት።

የወንጀል ሪከርድ። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ ከ2019 ጀምሮ ይህን ጥያቄ ከጋራው ክፍል አውጥቷል። እያንዳንዱ ኮሌጅ ግን በራሱ ገጽ ሊጠይቅ ይችላል። ከጠየቀ ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቡ። «ተይዘህ ታውቃለህ?» እና «ተፈርዶብህ ያውቃል?» አንድ አይደሉም። የተጠየቃችሁትን በእውነት መልሱ፤ ያልተጠየቃችሁትን አትዘርዝሩ። መዝገቡ የተዘጋ ወይም የተሰረዘ ከሆነ ከመሙላታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ በተለይ ገና ዜጋ ያልሆናችሁ። ኮሌጁ ቢያልፋችሁም ተግባር ልምምድ ሲመጣ ፖሊስ ጣቢያው ወይም ፍርድ ቤቱ አሻራ ይጠይቃል።

አንድ ጉዳይ ጠንከር አድርጌ ልናገር። ቤት ውስጥ የተፈጠረ ጠብ ፖሊስ ተጠርቶበት፣ «ቀላል ጥፋት ነው፣ እመንና ጨርስ» ተብሎ ፈርሞ የወጣ ሰው በመካከላችን አለ። በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ጥፋቱ ቀላል ቢባል እንኳ፣ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። ለፖሊስም የተለየ ፈቃድ የለውም። መሣሪያ የማይዝ ሰው ደግሞ ፖሊስ አይሆንም። የትኛውም ኮሌጅ ቅጽ ላይ ይህ ተጽፎ አታገኙትም። ክፍያችሁን ይቀበላል፣ ያስተምራል፣ ያስመርቃል። እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሰው አይማር አልልም። የተጎጂዎች ድጋፍ አለ፣ ጥናትና ምርምር አለ፣ መሣሪያ የማይነካ ሌላ ሥራ አለ። ግን አውቆ ይግባ።

ቀጣሪው ከዚህ በተጨማሪ የዕዳ ታሪካችሁን፣ የመንጃ ፈቃዳችሁን፣ ዕፅ መጠቀም አለመጠቀማችሁን፣ ሶሻል ሚዲያችሁን ያያል። የውሸት ማጣሪያ መሣሪያ ላይ የሚያስቀምጥም አለ። ከጥፋቱ ይልቅ መደበቁ ነው ብዙ ሰው የሚጥለው።

እስቲ ወደ ጥያቄዎች። ጽፋችሁ የሰጣችሁኝን ላንብብ።

«ኢትዮጵያ በሕግ ዲግሪ አለኝ። እንደገና ባችለር ልማር?» አይ፣ ወንድሜ። ወረቀትህን ኮርስ በኮርስ አስገምግም። ከባችለር እኩል ነው ካሉህ በቀጥታ ማስተርስ ማመልከት ትችላለህ። ሌላም ምክንያት አለ። ፔል ግራንት ባችለር ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው ከውጭ አገር ቢሆንም ያው ነው። ሁለተኛ ባችለር ስትጀምር ያ ገንዘብ የለም ማለት ነው። ዲግሪ እንዳለህ ደብቀህ መሙላት ደግሞ፣ በዚህ ሙያ ላይ ሆነህ፣ ምን እንደሚያስከትል አንተ የሕግ ሰው ነህ፣ አልነግርህም።

«ዕድሜዬ 45 ነው፤ አልረፈደም?» ለኮሌጁ አልረፈደም፣ እህቴ። ለሥራው እንደምትፈልጊው ይለያያል። የኤፍቢአይ ልዩ መርማሪነት ለዓመታት የቆየው መስፈርት ዕድሜ ከ23 እስከ 36፣ ባችለር ዲግሪና የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ነው። ብዙው የፌዴራል ሕግ አስከባሪ ሥራ ለአዲስ ገቢ 37 ዓመት ሳይሞላ ይላል፤ የፌዴራል የአመክሮ ሠራተኝነትም እንዲሁ። በጦር ሠራዊት ላገለገለ ሰው ልዩነት ሊኖር ይችላል። በየስቴቱና በየካውንቲው ያለው የአመክሮ ሥራ፣ የፍርድ ቤት አስተዳደር፣ የተጎጂዎች ድጋፍ ግን አብዛኛው እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም። አማርኛ መቻልሽም እዚያ ይፈለጋል። የምትፈልጊውን ሥራ ማስታወቂያ አሁኑኑ አውጥተሽ አንብቢ፤ ትምህርቱን ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥረሽ ምረጪ።

«እህቴ አዲስ አበባ ናት። ኦንላይኑን ተመዝግባ በዚያ ቪዛ ማግኘት ትችላለች?» አትችልም። ኤፍ ዋን የሚባለው የተማሪ ቪዛ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ለሆነ ትምህርት አይሰጥም። ቪዛው ያለው ተማሪ ራሱ በአንድ መንፈቅ ከሙሉ ጭነቱ አንድ የኦንላይን ኮርስ ብቻ ነው የሚቆጠርለት። እዚያው ሆና መማር ትችላለች፤ ኮሌጁ ከፈቀደና ክፍያውን ከቻለች። ፋፍሳ ግን አይመለከታትም። «ኦንላይን ተመዝገቢ፣ ቪዛው ይከተላል» ያላት ደላላ ካለ ገንዘቧን ይዛ ትራቅ።

የመጨረሻው፣ «መቼ ላመልክት?» የሚል ነው። አብዛኛው ኦንላይን ፕሮግራም ዓመቱን ሙሉ ይቀበላል። በ8 ሳምንት የተከፋፈለ ስለሆነ አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላው ቅርብ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ካለ እንዲነሳላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ያነሳሉ። ቅጹን መሙላት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ከአገር ቤት ሰነድ ማስመጣት ግን ወራት ይፈጃል፤ ትምህርት ቤቱ ሄዶ የሚጠይቅላችሁ ሰው፣ ውክልና፣ ማኅተም፣ ፖስታ። ስለዚህ ገና ኮሌጅ ሳትመርጡ ትራንስክሪፕቱን አስጀምሩ። ለሚጠይቅላችሁ ሰው ስታስረዱ ደግሞ ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው አጻጻፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት።